ማጥፊያው ላይ ያለ ጣት

በጽኑ ሕሙማን ክፍል ስሠራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ቬንቲሌተር፣ ማለትም የመተንፈሻ ማሽን፣ እንዲነሣ ሲወሰን መጀመሪያ የማደርገው አላርሙን ዝም ማሰኘት ነው። ቤተሰብ አልጋው አጠገብ ቆሞ ያንን ጩኸት እንዲሰማ አልፈልግም።

የማይጠቅም ሕክምናን አለመጀመርና የጀመሩትን ማቆም በሥነ ምግባር ልዩነት የላቸውም ተብለን ተምረናል። ፈተናውን አልፌያለሁ። ጣቴ ግን እስካሁን አላመነም። ባልተጀመረው ማንም አይጠየቅም፤ የሚጠፋውን ግን የሚያጠፋው ሰው አለ።

እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሃገን በፖሊዮ ስትመታ፣ በሐኪሙ ብዮርን ኢብሰን ሐሳብ የሕክምና ተማሪዎች እየተፈራረቁ ከረጢት በእጃቸው እየጨመቁ ሕሙማንን አስተነፈሱ። እጅ ይደክማል፤ ማሽን አይደክምም። ጣጣው የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

አሜሪካዊቷ ካረን አን ኩዊንላን በ21 ዓመቷ ራሷን ስታ ቀረች። ወላጆቿ መተንፈሻው እንዲነሣ ጠየቁ፤ የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 ፈቀደ። ማሽኑ ሲነሣ ግን በራሷ ተነፈሰች፤ ያረፈችው በ1985 ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ወላጆቿ የመመገቢያ ቱቦው ይነሣ አላሉም። አየር ይቅር፣ ምግብ ግን አይቅር። በሎጂክ ሊሟገታቸው የሚፈልግ ይኖራል። እኔ አልሞክርም።

አንድ ሌሊት የአንድ አዛውንት ትልቁ ልጅ ኮሪደር ላይ ያዘኝ። «ሲስተር፣ ማሽኑን አትጀምሩት። ከጀመራችሁት ማን ያጠፋዋል?» አባቱ የያዛቸው የሳንባ ምች ነበር፤ ሊድኑ ይችላሉ። ያኔ ነው ትምህርቱ የገባኝ፦ ማቆም ኃጢአት ከሆነብን፣ ሊጠቅም የሚችለውን ለመጀመርም እንፈራለን። ሐኪሙ ሦስት ቀን ሞክረን እንደገና እንቀመጥ አለ። ልጁ ተስማማ።

በሦስተኛው ቀን ኩላሊታቸው ቆመ፤ ደም ግፊታቸውም በመድኃኒት እንኳ አልያዝ አለ። ተቀመጥን። ልጁ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አየር እያጠራቸው ይጨነቁ እንደሆነ። ሞርፊን አስቀድመን እንደምንሰጥ፣ የምንቸኩልበትም ነገር እንደሌለ ነገርኩት።

«የሚያጠፉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ።»

ወንበሩን ወደ አባቱ ራስጌ ጎተተ። አላርሙን ዝም አሰኘሁ።