ሃመርስሚዝ፦ ካስፓሮቭ ያልሰበረው መከላከያ

ከለንደኑ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ በፒካዲሊ መስመር ባቡር ቀጥታ የከተማው ሰፈር ሃመርስሚዝ መውረድ ይቻላል። ያረፍኩበት ቤት ግድግዳው ስስ ስለነበር ሌሊቱን የጎረቤት ቴሌቪዥን ሲያስጨንቀኝ አደረ። ጠዋት ከጣቢያው ወደ ቴምዝ ወንዝ ትንሽ በእግር ሄጄ ሪቨርሳይድ ስቱዲዮስ ደረስኩ። እ.ኤ.አ. በ2000 ሩሲያዊው የቼዝ ተጫዋች ቭላድሚር ክራምኒክ የአገሩን ልጅ ጋሪ ካስፓሮቭን 8.5 ለ6.5 አሸንፎ፣ ካስፓሮቭ ከ1985 ጀምሮ ይዞት የቆየውን የዓለም የቼዝ ሻምፒዮንነት የወሰደው እዚህ ነው። የድሮው ሕንፃ ፈርሶ አዲሱ የተከፈተው በ2019 ነው። የተጫወቱበትን አዳራሽ ለማየት ለመጣ ሰው ይህ ያሳዝናል።

ቡና ከአራት ፓውንድ በላይ ከፈልኩ፤ በዚህ ዋጋ አዲስ አበባ ውስጥ ወዳጆቼን ሁሉ እጋብዝ ነበር። ወንዙ ዳር ተቀምጬ የኪስ ቼዜን ዘረጋሁና የዚያን ግጥሚያ የመጀመሪያ ጨዋታ ደገምኩት።

ነጭ ካስፓሮቭ፣ ጥቁር ክራምኒክ ነበር። (ፊደልና ቁጥሩ የሰሌዳው ቤት ስም ነው፤ ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ረድፉን ያሳያል።) ነጭ ኢ4፣ ጥቁር ኢ5 ብለው፣ ነጭ አንዱን ፈረስ ኤፍ3፣ ጥቁር ሲ6 አወጡ። ነጭ ቢሾፑን ቢ5 ሲያደርስ ክራምኒክ ሌላውን ፈረስ ኤፍ6 አወጣ፤ የበርሊን መከላከያ ይህ ነው። ነጭ ካስል ሲያደርግ (ንጉሡን ወደ ጥግ አሻግሮ ሩኩን በጎኑ ሲያቆም) ፈረሱ የኢ4ን ወታደር በላ። ነጭ ዲ4፣ ጥቁር ፈረስ ዲ6። ቢሾፑ ሲ6 ላይ ያለውን ፈረስ በላ፣ የዲ ወታደር መልሶ በላው። ነጭ ኢ5ን ሲበላ ፈረሱ ኤፍ5 ሄደ፤ በ8ኛው እርምጃ ንግሥቶቹ ዲ8 ላይ ተበላሉ። የነጭን ንግሥት የበላው የጥቁር ንጉሥ ስለተንቀሳቀሰ ከዚህ በኋላ ካስል ማድረግ አይችልም፣ ሁለት ወታደሮቹም በሲ ዓምድ ላይ ተደራርበዋል። ግን ካስፓሮቭ የሚያጠቃበት ንግሥት የለውም፤ የመከላከያው ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ነው።

በአጠገቤ የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ ቆመው ሲያዩ ቆዩና ፈቃድ ጠይቀው ተቀመጡ። ሁሉም ቢለዋወጥ ምን እንደሚሆን ለማሳየት ከንጉሦቹና ከወታደሮቹ በቀር ሁሉንም ከሰሌዳው አነሱ። ነጭ በንጉሥ በኩል (ከኢ እስከ ኤች ባሉት ዓምዶች) በወታደር አራት ለሦስት ስለሚበልጥ የሚያግደው የሌለ ወታደር ያወጣል፤ ጥቁርም በሌላው በኩል አራት ለሦስት ቢሆንም ሁለቱ ስለተደራረቡ ያንን ማድረግ ይከብደዋል። ጀማሪዎች የሚሸነፉት እዚህ ነው፤ አቻ ፍለጋ ያገኙትን ሁሉ ይለዋወጣሉ። ጥቁር ሁለቱን ቢሾፖቹን በቀላሉ መስጠት የለበትም፤ ጥንካሬው እነሱ ናቸው።

ክራምኒክ ንጉሡን በ11ኛው እርምጃ ሲ8 አስገባ፣ ፈረሱን በኢ7 አድርጎ ጂ6 አደረሰ፣ የኤች ወታደሩን እስከ ኤች4 ገፋ። በ25ኛው እርምጃ አቻ ተስማሙ። ካስፓሮቭ በ3ኛው፣ በ9ኛውና በ13ኛው ጨዋታም ይህንኑ መከላከያ ገጠመው፤ አንዱንም አላሸነፈም።