የድሮው የቀርከሃ ዘንግ
ዛሬ ጠረጴዛው ላይ የዋለው ባለ ሁለት ቁራጭ፣ ካርፕ የሚባለውን ትልቅ የኩሬ ዓሣ ማጥመጃ፣ አሮጌ የእንግሊዝ ዘንግ ነው። ከሩቅ ክብ ይመስላል እንጂ ባለ ስድስት ጎን ነው፤ ስድስት የቀርከሃ ስንጥቆች ባለ ሦስት ማዕዘን ሆነው ተልገው በሙጫ ተጣብቀዋል። እንግሊዛዊው ዓሣ አጥማጅ ሪቻርድ ዎከር በ1952 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ባለው ሬድማየር ኩሬ ላይ 44 ፓውንድ፣ ማለትም 20 ኪሎ ገደማ የሚመዝነውን ካርፕ ያወጣው ራሱ በነደፈው እንዲህ ባለ ዘንግ ነበር። የካርቦን ፋይበር ዘንግ ገና ሳይታሰብ!

የቀርከሃ ዘንጎች አይከዱም የሚባለው እውነት ነው፤ ውኃ እስካልገባቸው ድረስ። ቫርኒሹ ሲሰነጠቅ እርጥበት ይሰርጋል፣ የድሮው ሙጫም ይለቃል። መፈተሻው ቀላል ነው፦ ዘንጉን በቀስታ ለመጥ አድርጎ ጆሮ ማስጠጋት። ጠቅ ጠቅ ካለ ስንጥቆቹ ተላቀዋል። የክር ማሳለፊያ ቀለበቶቹን የያዘው የሐር ክር ከተበጣጠሰም በዚያው በኩል ውኃ ይገባል፤ አዲስ ክር ጠምጥሞ በስሱ ቫርኒሽ ሁለት ሦስት ጊዜ መቀባት ነው።

የብረት መገጣጠሚያው እምቢ ሲል የሚጠመዝዙት አሉ። ቀርከሃው የሚሰነጠቀው ያኔ ነው። ቀጥ አድርጎ መሳብ ብቻ።

ከማጥመድ በኋላ ዘንጉን በጨርቅ ወልውሎ ከከረጢቱ ውጭ ማሳደር፣ ሲደርቅ ቀጥ አድርጎ መስቀል። ግድግዳ ላይ አስደግፈው ከተዉት ይጎብጣል። ትንሽ ጉብጠት ግን ነውር የለውም፤ ትልቅ ዓሣ የታገለ ዘንግ መች ቀጥ ብሎ ይቀራል? ክብደቱን ደግሞ ለሰዓታት ከያዙት በኋላ ክንድ ይናገራል።