ገብርዬ ስክሪፕቱ ላይ የለም

ፊክሰር፣ ማለት የውጭ ፊልም ቀራጮች ጉዳይ አስፈጻሚ፣ የሆነ ሰው ብዙ ነገር ይለምዳል። ፈቃድ ማስጨረስ፣ መኪና ማፈላለግ፣ ከቀበሌ ጋር መጨቃጨቅ፣ ጄኔሬተር በጠፋ ቁጥር መሰደብ። ለሟች ስም ፈልግ ተብዬ ግን አላውቅም ነበር።

ከውጭ የመጡት ሰዎች የሚቀርጹት የመቅደላን ዘመቻ ነው። ግማሹ ዘጋቢ፣ ግማሹ ትወና። ዕቃ ጭኖ መቅደላ ድረስ መሄዱ ስለከበዳቸው ከደሴ ወደ ኩታበር በሚወስደው መንገድ አንድ ሜዳ መረጡ። እሮጌ፣ ውጊያው የተደረገበት የመቅደላ ሥር ሜዳ፣ እሱ ነው ተባለ፤ ይሁን አልን። ኤክስትራ፣ ማለት አጃቢ ተዋናይ፣ ከየመንደሩ ሰበሰብኩ። የአልባሳቷ ኃላፊ መጀመሪያ ያደረገችው የሁሉንም ጫማ ማስወለቅ ነው። ከዚያ ጦርና ጋሻ አደለች። ጠመንጃ አንድም የለም።

«የቴዎድሮስ ሰው ጠመንጃ እኮ ነበረው፤ ከፋህላ ተራራ አናትም መድፍ ይተኮስ ነበር» አልኩት ረዳት አዘጋጁን።

«በጀት» አለኝ።

በጀት ከተባለ ፊክሰር ዝም ነው። ለእንግሊዞቹ ግን የስናይደር ጠመንጃ አምሳያ በሳጥን በሳጥን መጥቶላቸዋል።

መጀመሪያ የሚወድቁት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ከቀኝ ሮጠው ይመጣሉ፣ ይተኮሳል፣ ይወድቃሉ። በቃ። ነገርኳቸው።

«እኔ ማን ነኝ?» አሉኝ።

«ወታደር ነዎት አባባ።»

«ወታደርነቴንማ ጋሻው ነገረኝ። ማን የሚባል ወታደር?»

አዘጋጁን ጠየቅኩት። ከሩቅ ስለሚታዩ ስም አያስፈልጋቸውም አለ።

«አብሽር አባባ፣ ማንም ስም የለውም፤ ሁሉም እኩል ነው» አልኳቸው።

«ያስ?» በጦሩ ጫፍ አንዱን ወጣት ፈረንጅ ጠቆሙ።

ከእንግሊዝ በኩል እንዲሞት የተመደበ ልጅ ነው። እሱማ ስም አለው። የትውልድ መንደር አለው። ደረት ኪሱ ውስጥ ለእናቱ የጻፈው ደብዳቤ አለ፤ ደብዳቤው ብቻውን በክሎዝ አፕ ይቀረጻል።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ስቅለት ነበር። እሮጌ ላይ ከኛ ወገን ወደ 700 ሰው አለቀ። ከእንግሊዝ ጦር የቆሰለው 20 ያህል፣ የሞተው 2 ነው። ስክሪፕቱ ላይ ግን ሂሳቡ ተገልብጧል። የፈረንጁ ልጅ አሟሟት ገጾች ይዟል፤ የኛዎቹ «ይሮጣሉ፣ ይወድቃሉ፣ ጭስ» ብቻ ናቸው። የእንግሊዙ አዛዥ ናፒየር ይዞት ከመጣው 13,000 ያህል ወታደር አብዛኛው ህንዳዊ ነበር፤ ህንድም የለም። ለ44ቱ ዝሆኖችስ በጀት አይኖርም፣ እሱ ይገባኛል።

አዘጋጁ ምሳ ላይ አፉን ሞልቶ የሚያወራው በ1964 እ.ኤ.አ. ስለተሠራው «ዙሉ» ነበር፤ በ1879 እ.ኤ.አ. ጥቂት የእንግሊዝ ወታደሮች ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሮርክስ ድሪፍት ላይ ከዙሉ ጦር ጋር ያደረጉትን ውጊያ የሚያሳይ ነው። ጥሩ ፊልም ነው፣ አልዋሽም። መጨረሻ ላይ ተራኪው ቪክቶሪያ ክሮስ የሚባለውን የእንግሊዝ ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳሊያ የተሸለሙትን 11 ሰዎች ስም አንድ በአንድ ይጠራል። ያ ውጊያ በተጀመረበት በዚያው ቀን፣ እዚያው አቅራቢያ ኢሳንድልዋና በሚባል ቦታ ላይ ዙሉዎቹ ከ1,300 በላይ የእንግሊዝ ጦር ሰው ገድለዋል፤ እሱ ለፊልሙ መግቢያ ብቻ ነው የሆነው። የዙሉ ተዋጊ ኮረብታ ሞልቶ ይመጣል፣ ይወድቃል፣ ደግሞ ይመጣል። «አቫታር» እንኳ ለተወረሩት አዝኖ ተሠርቶ የሚያድናቸው ያው ከወራሪው ወገን የመጣ ወታደር ነው። ልጅ ሆኜ «ዙሉ»ን ሳይ የጨነቀኝ ለእንግሊዞቹ ነበር። አዘጋጁ ሲያወራ ያናደደኝ ይሄ ነው። እንዲጨንቀኝ ተደርጎ መሠራቱ።

ወደ ሜዳው ልመለስ። ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ገብርዬ ነኝ» አሉ።

ፊታውራሪ ገብርዬ በዚያ ቀን ጦሩን እየመራ ወርዶ እዚያው እሮጌ ላይ የወደቀው ነው። ለአዘጋጁ አስረዳሁት። ስክሪፕቱን ወደፊትም ወደኋላም ገለባበጠ። «እዚህ የለም» አለ።

«ገብርዬ ከሌለ ጦሩን ማን አወረደው?» አሉ ሽማግሌው። «እኔ አዛዥ የሌለኝ፣ ዝም ብዬ ጥይት ውስጥ የምሮጥ እብድ ነኝ? ንገረው።»

ነገርኩት። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው፤ ካሜራማኑ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። «እሺ፣ ይሁኑ፣ የሚቀየር ነገር የለም» አለ አዘጋጁ።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሁሉም ስም አማረው። አንዱ ጎረምሳ ጦሩን ነቅንቆ «እኔ ራስ እንግዳ ነኝ!» አለ። ሽማግሌው ዞር ብለው አዩት። «እንግዳ የሞተው ሰኞ መቅደላ በር ላይ ነው። ዛሬ ዓርብ ነው፣ ቁጭ በል።» ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ከመኪናው ኋላ ሄድኩ።

አክሽን ተባለ። ሮጡ፣ ተተኮሰ፣ ወደቁ። ማንም ሳያዛቸው ኤክስትራዎቹ በሙሉ «ገብርዬ ወደቀ! ገብርዬ ወደቀ!» ብለው ጮሁ። ፀጉሬ ቆመ። አዘጋጁ ራሱ በደስታ ሊዘል ምንም አልቀረው፤ እንድገመው እንኳ አላለም።

ፊልሙ ሲወጣ ጩኸቱ የለም። በቦታው ከበሮ ገብቶበታል። የየት አገር ከበሮ እንደሆነ እንጃ፤ የወሎ እንዳልሆነ ግን እምላለሁ። ሽማግሌው ከጀርባ ብልጭ ብለው ይጠፋሉ። ደብዳቤው ሙሉውን አለ፣ ከነቫዮሊኑ።

ሽማግሌው ደሴ ገበያ ሲመጡ በስልኬ አሳየኋቸው። አንዴ አዩት፣ እንድመልሰው ነገሩኝ፣ ደግመው አዩት። የገብርዬን ነገር ያነሳሉ ብዬ ስጠብቅ፣

«ያ ደብዳቤ የያዘው ልጅ ስንት ተከፈለው?» አሉኝ።

የማውቀውን ነገርኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁና ሌላ ጊዜ ዋጋ ሲነጋገሩ እኔ መሃል እንዳልገባ አስጠነቀቁኝ። አሁን ቀረጻ ሲመጣ ከእሳቸው ጋር የሚዋዋሉት በቀጥታ ነው። የውድቀት ዋጋቸው ከኔ የቀን ሒሳብ በልጧል፤ ስም ያለው ውድቀት ደግሞ ለብቻው ይታሰባል።