የአገሩ ልጅ የሣለችው

"የአካባቢ ሠዓሊዎች" ሲባል ፊቱን የሚያዞር ሰው ያናድደኛል። ዋና ከተማ መድረስ ያቃተው፣ ለጎረቤት ብቻ የሚሥል ሰው ይመስለዋል። የክፍለ ሀገር ሙዚየምም ዝናብ ሲመጣ መጠለያ፣ ሌላ ጊዜ የሚታለፍ ቤት ነው ለእሱ። እኔ ግን ከትልልቆቹ ይልቅ እነዚህን ሙዚየሞች እወዳለሁ። ትልልቆቹ ውስጥ ሥዕሉ ከየት እንደመጣ የሚነግረኝ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው መግለጫ ብቻ ነው። እዚህ ግን ከበሩ ስወጣ ሥዕሉ የተሣለበት መንገድ ላይ ነኝ።

ዴንማርክ ሄጄ ስካገን ላይ የተሰማኝን እስካሁን አልጻፍኩትም ነበር። ዛሬ ልጻፈው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስካገን የአገሪቱ ሰሜናዊ ጫፍ ናት። ከከተማዋ ቀጥሎ አሸዋ ነው፣ ከአሸዋው ቀጥሎ ስካገራክና ካተጋት የሚባሉት ሁለት ባሕሮች ይገናኛሉ። ማዕበሉ ከሁለት ወገን መጥቶ ሲላተም ቆሞ ማየት ይቻላል። አሸዋው ደግሞ ቀልድ አያውቅም። የድሮው ቤተ ክርስቲያን ቀስ በቀስ በአሸዋ ተዋጠና በ1795 ተዘጋ። ዛሬ ነጩ ግንቡ ብቻ ብቅ ብሎ ቆሟል። ባቡር የገባው በ1890፣ የጀልባ ወደብ የተሠራው በ1907 ነው። ከዚያ በፊት ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን በቀጥታ ከክፍት ባሕር ወደ አሸዋው ነበር የሚጎትቱት። ማዕበል ባለበት ቀን ይህ ማለት ሞት ነው።

ሠዓሊዎቹ ከ1870ዎቹ ጀምሮ መምጣት የጀመሩት እዚህ ቦታ ነው። ያኔ በአውሮፓ ከስቱዲዮ ወጥቶ ሜዳ ላይ መሣል የወጣቶቹ ፍላጎት ሆኖ ነበር። ስካገን ደግሞ ብርሃን ነበራት። ባሕሩም አሸዋውም ብርሃኑን መልሰው ይረጩታል፣ በበጋ ማታ ሰማዩና ውሃው አንድ ሰማያዊ እስኪሆኑ ድረስ።

የስካገንን ሙዚየም የምወድበት አንዱ ምክንያት አጀማመሩ ነው። በ1908 የተመሠረተው በብረንዱም ሆቴል የምግብ አዳራሽ ውስጥ ነው። ከመሥራቾቹ መካከል ሠዓሊዎቹ ሚካኤል አንከር፣ ፔደር ሰቨሪን ክሮየርና ላውሪትስ ቱክሰን ይገኙበታል። የሆቴሉ ባለቤት ደግን ብረንዱምም አለ። የከተማው ፋርማሲስትም ነበረበት። ይሄ ፋርማሲስት ልቤን ይነካዋል። መድኃኒት ሲሸጥ የሚውል ሰው የከተማው ሥዕል እንዳይበተን ብሎ ስሙን ከሠዓሊዎቹ ጋር አኖረ። ክሮየር በቀጣዩ ዓመት ሞተ። የሙዚየሙ የራሱ ሕንጻ የተመረቀው በ1928 ነው፤ ንድፉን ያወጣው አርክቴክቱ ኡልሪክ ፕሌስነር ነው። በ1946 ደግሞ ያ የምግብ አዳራሽ ተነስቶ ሙዚየሙ ውስጥ ገባ። ከመጀመሪያ ቤቱ ወጥቶ ዛሬም እንዳለ አለ። ከእንጨት በተሠራው ግድግዳ ላይ፣ ዙሪያውን፣ ሠዓሊዎቹ አንዱ የሌላውን ፊት የሣሉባቸው ሥዕሎች ተሰክተዋል። እዚያ ቆሜ አብረው የበሉና የተከራከሩ ሰዎች መሆናቸውን ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ።

አሁን ዋናው ነገር። ሙዚየሙ የአካባቢው ሠዓሊዎች ቤት ነው ይባላል። ግን ክሮየር የተወለደው ኖርዌይ፣ ስታቫንገር ነው። ሚካኤል አንከር ከቦርንሆልም ደሴት ነው የመጣው። ሌሎቹም እንዲሁ መጤ ናቸው። ከዋናዎቹ መካከል ስካገን ተወልዳ ያደገች አንዲት ብቻ ናት፤ አና አንከር። የሆቴሉ የቀድሞ ባለቤት ልጅ ናት፣ የደግን እህት። በ1859 ተወለደች። ሠዓሊዎቹ ሲመጡ እሷ ገና ልጅ ነበረች፣ እነሱም የቤቷ እንግዶች ነበሩ።

አና የዴንማርክ ንጉሣዊ የሥዕል አካዳሚ ልትገባ አትችልም ነበር። ለሴቶች በሩን የከፈተው በ1888 ነው። ስለዚህ ኮፐንሃገን ሄዳ በቪልሄልም ኪውን የግል ትምህርት ቤት ተማረች። በ1880 ሚካኤልን አገባች። በዚያ ዘመን ያገባች ሴት ብሩሽ ጥላ ቤት ትይዛለች ተብሎ ነበር የሚጠበቀው። እሷ አልጣለችም። በ1883 ልጇን ሄልጋን ወለደች፣ ከዚያም በኋላ እስከ እርጅናዋ ሣለች።

"በሰማያዊው ክፍል ውስጥ የፀሐይ ብርሃን" የሚባለው ሥዕሏ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆምኩ። በ1891 የተሣለ ነው። ሄልጋ ጀርባዋን ሰጥታን ተቀምጣ ኪሮሽ ትሠራለች። ክፍሉ የአያቷ ነው፣ እዚያው ሆቴሉ ውስጥ። ግድግዳው ሰማያዊ ነው። በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ግድግዳው ላይ አርፏል፣ የመስኮቱም ጥላ አብሮ። ሌላ ምንም የለም። ታሪክ የለም፣ አደጋ የለም፣ ማንም አያየንም። ልጅቷ ሥራዋ ላይ ናት፣ ብርሃኑም ሥራው ላይ ነው። ሰማያዊው ግን አንድ ሰማያዊ አይደለም። ጥላ ያለበት ሌላ፣ ፀሐይ የነካው ሌላ፣ የልጅቷ ልብስ ላይ ያለው ደግሞ ሌላ ነው። ቀረብ ሲሉ ብርሃኑ ወፈር ያለ ቢጫ ቀለም ሆኖ ቁጭ ይላል። ራቅ ሲሉ ክፍሉ ይሞቃል።

ያቺን ክፍል መጤ ሠዓሊ አይሥላትም። የማይሥላት ስለማይችል አይደለም። ክሮየር ከሁሉም በላይ እጁ የተዋጣለት ነበር፣ ማንም አይክድም። ግን እንግዳ ወደ አያት ክፍል አይገባም። ቢገባም ሰላምታ ሰጥቶ ይወጣል። ጠዋት ፀሐዩ በስንት ሰዓት ግድግዳው ላይ እንደሚደርስ፣ መቼ ወደ ወለሉ እንደሚወርድ የሚያውቀው እዚያ ያደገ ሰው ነው።

ክሮየር በ1893 የሣለው "የበጋ ማታ በስካገን ደቡባዊ ዳርቻ" የሙዚየሙ ዝነኛ ሥዕል ነው። ሁለት ሴቶች ረጅም ቀሚስ ለብሰው፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው በባሕሩ ዳር ይራመዳሉ። አንዷ ሚስቱ ማሪ ናት፣ ሌላዋ አና። ሁሉም ነገር ሰማያዊ ነው። ሥዕሉ ተሽጦ ጀርመን አገር ለዓመታት ኖረና በ1980ዎቹ ወደ ስካገን ተመለሰ። መመለሱ ደስ ብሎኛል። በጣም ያምራል። ግን እውነቱን ልናገር፣ ከፊቱ ስሄድ እንደ ነበርኩ ነው የሄድኩት። እዚያ ሥዕል ውስጥ አና ውብ ምስል ናት። በራሷ ሥዕል ውስጥ ግን እያየች ያለች ሰው ናት። ሁለቱን በአንድ ሕንጻ ውስጥ እየተመላለሱ ማየት መቻል ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። የሚካኤልና የአና ፊት ከ1998 ጀምሮ በዴንማርክ የ1000 ክሮነር ብር ላይ አብሮ ወጥቶ ነበር፤ እኔ ግን ከዚያ ክብር ይልቅ ያቺ ሰማያዊ ክፍል ትበልጥብኛለች።

የሚካኤልን ነገር ዝም ብዬ ባልፍ ይቆጨኛል። ዓሣ አጥማጆቹን ግዙፍ አድርጎ ነው የሚሥላቸው፣ አንዳንዴ ለእኔ ይበዛብኛል። ሰዎቹ ሐውልት ይመስላሉ። በ1879 ገደማ በጀመረው "ጫፉን ያልፍ ይሆን?" በሚለው ሥዕሉ ላይ አሸዋው ላይ ቆመው ወደ ባሕር ያያሉ። የሚያዩት ጀልባ ሥዕሉ ውስጥ የለም። ጭንቀቱ ያለው ፊታቸው ላይ ነው፣ እዚህ ላይ ብልህ ነው። "የሰመጠው" ግን ሌላ ነው፣ የ1896 ሥራው። ላርስ ክሩሰ የሚባል ሰው ነበር፤ ከተሰበሩ መርከቦች ብዙ ነፍስ ያተረፈ የስካገን ሰው። በ1894 እሱ ራሱ ባሕር በላው። ሚካኤል አስከሬኑን ተጋድሞ፣ ቤተሰቡን ዙሪያውን ቆሞ ሣለው። እዚህ ጋ ግዝፈቱ አልረበሸኝም። ሚካኤል ላርስን በሕይወቱ ሳለ ደጋግሞ ሥሎታል። ያንን ፊት ለዓመታት ያወቀ ሰው ነው መጨረሻውንም የሣለው።

እና ሚካኤል መጤ ነው ወይስ የአገሩ ሰው? በ1874 መጣ፣ አገባ፣ ልጅ ወለደ፣ እስከ 1927 እዚያው ኖሮ ሞተ። ክሮየር በአብዛኛው ለበጋው ይመጣ ነበር። እኔ መስመሩን የማሰምረው ክረምቱ ላይ ነው። ጎብኚዎቹ ሄደው፣ ብርሃኑ አጥሮ፣ ባሕሩ ሰው ሲበላ እዚያ የነበረ ሰው የአካባቢው ሠዓሊ ነው። የልደት ወረቀቱን አልጠይቅም። ይህን ስል ግን ለአና የተለየ ቦታ አስቀራለሁ። እሷ የዓሣ አጥማጆቹን ሚስቶች፣ ዓይነ ስውሯን አሮጊት፣ ወጥ ቤት የቆመችውን ገረድ፣ እናቷን ደጋግማ ስትሥል ማንንም ጀግና አላደረገችም። ማድረግ አላስፈለጋትም፤ ጎረቤቶቿ ናቸው።

አንድ ቅሬታ አለኝ፣ ስካገን ላይ ብቻ ሳይሆን በሄድኩባቸው ትናንሽ ሙዚየሞች ሁሉ። የሠዓሊው ስም በትልቁ ይጻፋል፣ የተሣለው ሰው ግን "አሮጊት ሴት"፣ "ዓሣ አጥማጅ" ተብሎ ይቀራል። ዋና ከተማ ያለ ሙዚየም ባያውቅ አልፈርድበትም። የክፍለ ሀገሩ ግን የልጅ ልጆቹ በር ላይ ናቸው። ሄዶ መጠየቅ ይችላል። እነዚያ ሰዎች ሳያልፉ ቢጠየቁ ምንኛ ጥሩ ነበር። ሰውየው ማን እንደነበር፣ ጀልባው የማን እንደነበር፣ የቱ ቤት ደጃፍ ላይ እንደቆመ። ይህን የሚያደርግ ሙዚየም ትልልቆቹ በገንዘብ ሊገዙት የማይችሉት ነገር ይኖረዋል።

የአንከሮች ቤትም አለ። ሄልጋ በ1964 እስክትሞት ጠብቃው ኖረች፣ ከ1967 ጀምሮ ሙዚየም ነው። አና ያላሳየቻቸው በጣም ብዙ ትናንሽ የዘይት ቀለም ንድፎች እዚያ ተገኝተዋል። አንዳንዶቹ ላይ ሰው የለም፣ ዕቃም የለም። ግድግዳና የፀሐይ ብርሃን ብቻ ናቸው። ከተጠናቀቁት ሥዕሎቿ አጠገብ በቋሚነት ቢሰቀሉ ደስ ይለኛል። አንድ አዳራሽ ሙሉ የበጋ ባሕር ዳር ሥዕል ቢነሳላቸውም አይቆጨኝም።