ሆድ ውስጥ የሚዋኝ ሞተር፣ ነዳጁ አልቆ ሲቆም ምን ይሆናል?

ሰሞኑን ቲክቶክ ላይ የሸረሪት ቅርጽ ያለው ሮቦት ደም ስር ውስጥ ገብቶ ካንሰር ሲቆራርጥ የሚያሳይ ቪዲዮ እየዞረ ነው። አኒሜሽን ነው በቃ። ከስር ግማሹ ሰው "መቼ ነው አገራችን የሚገባው" ይላል፣ ግማሹ ደግሞ "በዚህ አድርገው ሊቆጣጠሩን ነው" ይላል፣ እኔ ግን ሁለቱንም ሳነብ ማንም ዋናውን ጥያቄ አለመጠየቁ ነው የገረመኝ። ሰውነት ውስጥ እንዲዋኙ የሚሰሩት እውነተኞቹ ጥቃቅን ሞተሮች ካሜራም ባትሪም የላቸውም፣ አብዛኞቹ ከፀጉር ውፍረት ያነሱ የብረት ወይ የፕላስቲክ ብናኝ ነገር ናቸው፣ ማሰብ አይችሉም፣ ስለዚህ አስፈሪው ነገር ብልጠታቸው ሳይሆን የሚያቃጥሉት ነዳጅ እና ስራ ጨርሰው ሲቆሙ የሚቀረው ቅሪት ነው።

የነገሩን አመጣጥ ብታዩ ይገባችኋል (ዓመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጅ አንብቡት)። 2004 ላይ ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ግማሹ ወርቅ ግማሹ ፕላቲነም የሆነ፣ ርዝመቱ 2 ማይክሮሜትር (አንድ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) የሆነ ዘንግ ሰርተው ፈሳሽ ውስጥ ራሱን ችሎ እንዲሄድ አደረጉት፣ ትልቅ ነገር ነበር፣ ግን ፈሳሹ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ነው፣ ያ ቁስል ላይ ሲያርፍ አረፋ የሚያወጣው ከፋርማሲ የምንገዛው ነገር። እሱን ሰው ደም ውስጥ አትጨምርም። ከዛ ወዲህ ያለው የሴፍቲ ስራ ትልቁ ክፍል እንግዲህ ሰውነታችን ውስጥ ቀድሞ ያለ ነዳጅ መፈለግ ነው።

ሆዳችን ውስጥ ደግሞ አሲድ ሞልቷል። እዚህ ጋ እኛን በደንብ የሚመለከት ነገር ይመጣል፣ ምክንያቱም ጨጓራ የሌለበት ሰው ፈልጉ ብትባሉ ትደክማላችሁ፣ "ባክቴሪያ ተገኘብኝ" ብሎ ለሁለት ሳምንት ክላሪትሮማይሲን፣ አሞክሳሲሊን እና ኦሜፕራዞል የዋጠ ዘመድ የሌለው ማን አለ? ኦሜፕራዞሉ የሚጨመረው አሲዱን ቀንሶ አንቲባዮቲኮቹ በደንብ እንዲሰሩ ነው፣ ክላሪትሮማይሲን ለምሳሌ አሲድ ውስጥ ቶሎ ይበላሻል። አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ያሉት የሳንዲዬጎ ተመራማሪዎች (የጆሴፍ ዋንግ ላብራቶሪ) 2017 ላይ ያደረጉት ነገር ቆንጆ ነው፦ 20 ማይክሮሜትር አካባቢ የሆነች የማግኒዝየም ድቡልቡል ኳስ ወስደው በታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ሸፈኗት፣ አንድ ጎኗ ላይ ብቻ ትንሽ ክፍት ተዋት፣ ከላይ ክላሪትሮማይሲኑን ቀቧት፣ ከዛ ጨጓራ ግድግዳ ላይ እንድትጣበቅ ኪቶሳን የሚባል ከሽሪምፕ ቅርፊት የሚሰራ ነገር ደረቡባት። አይጥ ስትውጣት አሲዱ በክፍቷ ገብቶ ማግኒዝየሙን ይበላል፣ ሃይድሮጂን እንደ አምቦ ውሃ እየተንቸከቸከ ይወጣል፣ ኳሷ ወደፊት ትገፋለች። አሲዱን እየበላች ስለሆነ ደግሞ የኦሜፕራዞሉንም ስራ እግረ መንገዷን ትሰራለች። አይጦቹ ለ5 ቀን ተሰጥቷቸው ባክቴሪያው ቀነሰ፣ የአሲዱ መጠንም በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ።

እኔን የሳበኝ ግን ፍጥነቷም መድሃኒቷም አይደለም፣ ማግኒዝየሙ ሲያልቅ መቆሟ ነው። ማጥፊያ ቁልፍ አያስፈልጋትም።

ግን ቅርፊቷስ? ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ አይሟሟም። የአውሮፓ ህብረት እኮ 2022 ላይ ከምግብ ማቅለሚያነት ያገደው ነገር ነው፣ መርዝ ነው ብለው ሳይሆን ዲኤንኤ ላይ ጉዳት አያደርስም ብለን ማረጋገጥ አልቻልንም ብለው። በሰገራ ይወጣል ብለን እንገምት፣ እሺ፣ ግን ከግድግዳው ጋር እንድትጣበቅ አድርገህ የሰራሃት ኳስ ሁሌ በሰዓቷ ትወጣለች? አይጥ ደግሞ ከ20 እስከ 30 ግራም ነች፣ ለ70 ኪሎ ሰው ስንት ኳስ ሊሰጥ ነው፣ ስንት ሃይድሮጂን ሊወጣ ነው፣ ማግሳት ብቻ ከሆነ እንስማማለን።

ደም ስር ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። ቀጫጭኖቹ የደም ስሮች ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር ናቸው፣ ያቺ ኳስ እዛ ብትገባ ትደፍናለች። ትንሽ ስታደርጋት ደግሞ ጉበትና ጣፊያ ውስጥ ያሉት ባእድ ነገር የሚበሉ ሴሎች ይለቅሟታል። በማግኔት የሚነዱት መጀመሪያ አካባቢ ኒኬል ነበር የሚገባባቸው፣ ኒኬል መርዛማም አለርጂም ነው፣ አሁን ወደ አይረን ኦክሳይድ እየዞሩ ነው፣ "አይረን ያው ደማችን ውስጥ አለ" እያሉ። ይሄ አባባል አይዋጥልኝም። ፌሩሞክሲቶል የሚባለው የደም ማነስ መድሃኒት እኮ አይረን ኦክሳይድ ናኖ ብናኝ ነው፣ የአሜሪካው መድሃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ 2009 ላይ ፈቀደው፣ 2015 ላይ ሰው የሚገድል አለርጂ ስለታየ ከባዱን ማስጠንቀቂያ ለጠፈበት። ሞተር ሳይኖረው ማለት ነው።

ሌላው አስገራሚ ነገር የጨጓራው ባክቴሪያ ራሱ ምርጥ ሞተር መሆኑ ነው። ዩሪያን (አዎ፣ ያው ገበሬው የሚያውቀው ማዳበሪያ) ዩሪየስ በሚባል ኢንዛይም ሰባብሮ አሞኒያ ያወጣል፣ አሞኒያው አሲዱን ያለሰልስለታል፣ ከዛ በጭራው እየዋኘ የጨጓራውን ንፍጥ ሰንጥቆ ይገባል። ባርሴሎና ያሉት እነ ሳሙኤል ሳንቼዝ ይሄንኑ ኢንዛይም ናኖ ብናኝ ላይ ለጥፈው የአይጥ ፊኛ ውስጥ ሽንት ውስጥ ባለው ዩሪያ አስነዱት፣ 2024 ላይ ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ጭነውበት የፊኛ ካንሰር እጢውን 90 ፐርሰንት አካባቢ እንዳሳነሰ አወጡ። ጭሱ ግን አሞኒያ ነው። ፊኛ ውስጥ ከሆነ ትሸናዋለህ፣ ሌላ ቦታ ብታደርገው ማን ያወጣልሃል?

ለዚህ ነው ጨጓራና ፊኛ ላይ የሚሰሩትን የማምናቸው፣ መግቢያም መውጫም አላቸው። ደም ስር ውስጥ ካሉት ደግሞ የስዊዘርላንድ ዙሪኮቹ ይሻላል፣ 2025 መጨረሻ ላይ ያወጡት፣ በማግኔት የሚነዳ የጄል እንክብል ውስጥ ታንታለም የሚባል ብረት ጨምረውበት በኤክስሬይ የት እንዳለ እያዩ በአሳማና በበግ ላይ ሞክረውታል። የማታየውን ነገር ሰው ደም ስር ውስጥ መልቀቅ ለኔ እብደት ነው። ካሜራ ያለው የሚዋጥ ካፕሱል 2001 ላይ ሲፈቀድ እንኳን አንዳንዴ አንጀት ውስጥ እንደሚቀረቀር ታወቀ፣ ግን እሱ ትልቅ ነው፣ በኤክስሬይ ይታያል፣ ካስፈለገ በኦፕራሲዮን ይወጣል። ሺህ ብናኝ ማን ለቅሞ ያወጣዋል?

ለማንኛውም ኢንቦክስ "የት ሆስፒታል ይሰጣል" ለምትሉኝ፣ ለጨጓራ ባክቴሪያ ሰው ላይ የተፈቀደ እንደዚህ አይነት ሞተር የለም፣ የታዘዘላችሁን ኪኒን አታቋርጡ። ሰው ላይ ሙከራ ተጀመረ ሲባል ደግሞ እኔ ጽሁፉን ከፍቼ መጀመሪያ የማየው ስንት ባክቴሪያ እንደሞተ ሳይሆን የተሰጡት ኳሶች ስንቱ በሰገራ ተቆጥሮ እንደወጣ ነው።