አንድ ስሎፕ፣ ሦስት ስታንዳርድ ኢረር፦ የአራተኛ ሳምንት ማስታወሻ

እንደምታውቁት፣ ተደጋግመው የተለኩ ሰዎችን ዳታ የሚተነትኑ ባለ ብዙ ደረጃ ሞዴሎችን እየተማርኩ ነው። ባለፈው ሳምንት «ኢንተርሴፕቱ (የመስመሩ መነሻ) ከሰው ሰው እንዲለያይ ከፈቀድኩ ሥራው አለቀ» ብዬ ጽፌላችሁ ነበር። ያን ቃሌን አነሣለሁ።

የተለማመድኩት አር በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ነው (ስሙን በፊደላችን መጻፍ ያስቃል፣ ታገሱኝ)። ኤልኤምኢ4 ከሚባለው ፓኬጅ ጋር የሚመጣ የእንቅልፍ ጥናት ዳታ አለ፤ 18 ሰዎች፣ ለእያንዳንዳቸው የ10 ቀን ልኬት፣ በድምሩ 180 ረድፍ። ሰዎቹ በአዳር ለሦስት ሰዓት ብቻ እየተኙ፣ ምላሽ ለመስጠት ስንት ሚሊሰከንድ እንደሚፈጅባቸው በየቀኑ ተለክቷል። ዘርፋችን አይደለም፤ ግን ትንሽ ስለሆነ እያንዳንዱን ሰው በሥዕል ማየት ይቻላል።

ቀን በጨመረ ቁጥር ምላሹ በስንት ይዘገያል? ስሎፕ የምንለው ይህንን ነው። ሁሉንም ሰው በአንድ መስመር በሚወክለው ተራ ሪግሬሽን 10.47 ሚሊሰከንድ። ራንደም ኢንተርሴፕት (ለየሰው የራሱ መነሻ) ስጨምር 10.47። ራንደም ስሎፕ (ለየሰው የራሱ ስሎፕ) ስደርብበትም ያው 10.47፣ ፈቀቅ አላለም። ከጎኑ ያለውን ስታንዳርድ ኢረር (ግምቱ ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል የሚለካውን) ሳይ ነው የደነገጥኩት፤ መጀመሪያ 1.24፣ ቀጥሎ 0.80፣ በመጨረሻ 1.55።

ወርዶ መልሶ መውጣቱ ግራ አጋባኝ። ነገሩ የገባኝ 18ቱን መስመሮች ለየብቻ ስስላቸው ነው። 308 የተባለው ሰው መስመር ሽቅብ ይተኮሳል፤ የ335 ደግሞ ጭራሽ ቁልቁል ይወርዳል። ኢንተርሴፕት ብቻ የተፈቀደለት ሞዴል የሰዎቹ መነሻ ይለያይ እንጂ ድካም ሁሉንም እኩል ያዘገያል ብሎ ያምናል። የመነሻው ልዩነት ከቀሪው ስህተት ላይ ስለተነሣለት ደግሞ ስሎፑን አብጠርጥሬ አውቀዋለሁ ይላል። ስሎፑም ከሰው ሰው እንደሚለያይ ሲነገረው ግን 180 ረድፍ ቢኖረውም ሰዎቹ 18 ብቻ እንደሆኑ ትዝ ይለዋል።

ሌላም አለ። የዳታው መግለጫ ቀን 0 እና 1 የልምምድ፣ ቀን 2 የመነሻ ልኬት እንደሆኑ ይናገራል፤ እንቅልፍ መቀነስ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ያነበብኩት ሞዴሉን ከጨረስኩ ወዲያ ስለሆነ እንደ አዲስ ልሠራው ነው። እናንተ አስቀድማችሁ አንብቡ።

አሁን ወደ ሀገራችን፣ ልጆችን ለዓመታት ወደሚከታተለው የያንግ ላይቭስ ጥናት ዳታ ተሻግሬያለሁ። በኢትዮጵያ ከ20 ቦታዎች የተመረጡ ወደ 2000 የሚጠጉ ሕፃናት በፈረንጆቹ 2002፣ 2006፣ 2009፣ 2013 እና 2016 ተጎብኝተዋል (ትልልቆቹ 1000 ልጆች ለብቻቸው ናቸው)። ዙሩ (እያንዳንዱ ጉብኝት) በልጁ ሥር፣ ልጁ በቦታው ሥር፤ ሦስት ደረጃ መሆኑ ነው። «2000 ልጅ አለኝ» ብዬ ስኩራራ ወረቀት ላይ ትንሽ አሰላሁ፤ የአንድ ቦታ ልጆች ስለሚመሳሰሉ እያንዳንዱ ልጅ ሙሉ አዲስ መረጃ አይሰጥምና። በየቦታው 100 ልጅ ቢኖርና ከጠቅላላው ልዩነት አንድ አሥረኛው በቦታ የሚመጣ ነው ብንል፣ 1 ሲደመር 99 (የቦታው ሌሎች ልጆች) ጊዜ 0.1፣ 10.9 ይሆናል። 2000 ለ10.9 ሲካፈል 183 ገደማ። ለአማካይ ግምት፣ ልጆቹ በዘፈቀደ ከተመረጡ 183 ልጆች የበለጠ መረጃ አይሰጡኝም ማለት ነው። የቦታ ደረጃ ጥያቄ ካነሣሁማ ያሉኝ 20 ብቻ ናቸው።

እስካሁን የሠራሁት ዳታውን ከሰፊ ወደ ረጅም መገልበጥ ብቻ ነው፤ አንድ ልጅ በአንድ ረድፍ የነበረው አሁን በየዙሩ አንድ ረድፍ አለው። የያዘኝ በመሀል ከቦታው የተዛወረ ልጅ ነው። በየትኛው ቦታ ሥር ይቆጠር? ለጊዜው በመጀመሪያው ትቼዋለሁ፤ የሠራችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ።