«ሕፃኑ ሲወለድ አልቅሶ ነበር?»

ሥራዬ ሰው የሞተበት ቤት እየዞርኩ መጠየቅ ነበር። ሐኪም ሳያያቸው ቤታቸው የሚሞቱ ብዙ ናቸው። በምን እንደሞቱ ለማወቅ ያስታመማቸውን ሰው እንጠይቃለን። ቨርባል አውቶፕሲ ይባላል። መጠይቁ የዓለም ጤና ድርጅት ነው። እኛ ሞልተን እንልካለን፤ ሁለት ሐኪሞች ለየብቻ አንብበው ምክንያቱን ይወስናሉ። ካልተስማሙ ሦስተኛ ይጨመራል።

ለእኔ የደረሰኝ በተወለዱ በ28 ቀን ውስጥ የሞቱ ሕፃናት ነው።

ሥልጠናው አምስት ቀን ፈጀ። አብዛኛው ስለ ታብሌቱ ነበር። እናትየው ካለቀሰች አቁማችሁ ጠብቁ ተባልን። እኛ ብናለቅስስ? ያነሳው የለም። እኔም አልጠየቅኩም።

«ሕፃኑ ሲወለድ አልቅሶ ነበር?» የሚል ጥያቄ አለ። ሞቶ የተወለደውን በሕይወት ተወልዶ ከሞተው ለመለየት ነው። አንዷን እናት ይህን ስጠይቃት ቡና እየቆላች ነበር። እጇ ቆመ። «አንዴ። እንደ ድመት» አለችኝ። «አዎ» የሚለውን ነካሁ። ቡናው አረረ።

የዚያን ቀን አራት ቤት ገባሁ። ማታ እራቴን በልቼ ደህና ተኛሁ። ምንም አልሆንኩም ብዬ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ እህቴ ወለደች። ስትደውልልኝ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንኳን ሳልላት «አለቀሰ?» አልኳት። «ምን ነካሽ?» አለችኝ።

ለካ ስም አለው፤ «ቪኬሪየስ ትራውማታይዜሽን» ይባላል። ማካንና ፐርልማን የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በ1990 (እ.ኤ.አ.) የሌላውን ሰቆቃ ደጋግሞ መስማት ሰሚውንም እንደሚለውጠው ጽፈዋል። የጻፉት ስለ ሥነ ልቦና ሐኪሞች ነው። ታብሌት የያዘውስ ጆሮ የለውም? ይህን ማንበቤ ትንሽ አረጋጋኝ።

ይበልጥ የረዳኝ ግን የእናቴ ቁጣ ነው። «ለቅሶ ቤት ብቻሽን ትገቢያለሽ፣ ሳታለቅሺ ትወጫለሽ፤ ምን ዓይነት ሥራ ነው?» እውነቷን ነው። ሰው ለቅሶ የሚደርሰው ከሰው ጋር ነው። አልቅሶ፣ ተቀምጦ፣ «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ ይወጣል። እኔ ጠይቄ ውልቅ!

ከዚያ ሱፐርቫይዘሬን ለምኜ በቀን ሁለት ቤት ብቻ አደረግኩ። ኮታው ይጎድላል ብሎ አጉረመረመ። ሁለት ሆነን መሄድ ጀመርን። ስንጨርስ ታብሌቱ ቦርሳ ይገባል፤ ቡና ካለ እስከ ቶናው እንቆያለን። እንባዬ ከመጣ አልይዘውም። ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ስም ሳንጠራ ልባችን ላይ የቀረውን እንነጋገራለን፤ አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ወሬ እንቀይራለን። የቃለ መጠይቁን የድምፅ ቅጂ ደግሞ ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው የምሰማው። ድሮ አልጋዬ ላይ ኢርፎን ሰክቼ ነበር ወደ ጽሑፍ የምገለብጠው፤ ምን ዓይነት ጅልነት!

አንድ ሳምንት እረፍትም ወስጄ ነበር። አልሠራልኝም፤ ቤት ተቀምጬ ያንኑ ሳስብ ዋልኩ።

ለሚቀጥለው ጥናት በጀት ሲሠራ የሁለተኛ ሰው አበል አስገባሁ። «አንድ ሰው አይበቃም?» ተባልኩ። አስረዳሁ። ግማሹ ተፈቀደ።